የሰባት ዓመት ቅጠል

ከዚራ፣ ከሽመንደፈር ቤት ጓሮ፣
ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር፣ ከዛገው ቆርቆሮ፣
አባቴ አንድ ተክል ነበረው፤
ሙሴ ላፎን ሻንጣውን ሲዘጋ «ያዝ፣ መንክር» ብሎ የሰጠው።
ስሙ አርቲሾ ነው። ሰፈሩ ግን ሲጠራው
«የአቶ መንክር ኮሸሽላ» ነው።

ቅጠሉ ሰፊ፣ አመድማ፣ ጥርሳም፤
ፍየል እንኳ አሽትታ ታልፈዋለች እንጂ አትዳፈረውም።
ከደፖ ሲመለስ፣ ግሪሱን ከእጁ ሳይታጠብ፣
አንድ ጣሳ ውኃ ይዞ፣ ከሥሩ ቁጢጥ ብሎ፣
መሐሉን ገለጥ አድርጎ ያየዋል፦
«ሙሴ እንዳለው ከሆነ፣ ዘንድሮ እንቡጥ ይይዛል።»
ዘንድሮው መጥቶ ዘንድሮው ሲነጉድ
ቅጠል በቅጠል ላይ፣ ክንድ በላይ ክንድ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ።

ታኅሣሥ ሲገባማ፣ ድሬም ለወጉ ያህል
ሌሊቷን ቀዝቀዝ ስትል፣
አባቴ ጆንያ ያለብሰዋል፤
«ፍሬው እንዳይበርደው» ይላል፤
ያልመጣው ፍሬ።

ሞተ። ቤቱ የኩባንያው ነው፤
ደብዳቤ መጣ፣ «በሠላሳ ቀን ልቀቁ» የሚለው።
አልጋውን ሸጥኩት፣ ቁምሳጥኑን ለጎረቤት፣
በአካፋ ከሥሩ አንድ ግልገል ገነጠልኩለት፣
በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ጉልበቴ ላይ ታቅፌ፣
ወደ ሐረር ወጣሁ፣ የሚኒባስ መስኮት ተደግፌ።
ደንገጎ ዳገት ላይ ረዳቱ ዞሮ አየኝ፦
«እቱ፣ ይሄስ ማነው? እሱም ሒሳብ አለው» አለኝ።
የግማሽ ሰው ከፈልኩ።

ከግንቡ ውጭ፣ በአው ሐኪም በኩል፣
የተከራየሁት ግቢ ቀይ አፈር፣ ነፋስ የሚያድርበት ክፍል፤
እኔ የቆላ ልጅ፣ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣
እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እየተንቀጠቀጥሁ፣
የማሽላ አገዳ ሰብስቤ
ጎጆ ቀለስኩለት፤ ፌስታል ጣራ፣ ድንጋይ ማገር።
የግቢው ባለቤት ረምዚያ ከደጃፏ ቆማ ታየኝ ነበር።
«ለበግ ነው?» አለች።
«ለአባቴ ነው» አልኩ። ዝም አለች።
ቆይታ፣ የኮክ ዛፏን ግንድ መታ መታ አድርጋ፦
«እሷም ቁር ካላገኛት ቅጠል ብቻ ናት፤ ብርድ ነው የሚያስወልዳት።»
አልሰማኋትም። ሌላ ጆንያ ጨመርኩበት።

ከገና በፊት ባለች አንድ ሌሊት
ነፋሱ ጎጆዬን ጠቅልሎ እጫት ማሳው ውስጥ ጣላት።
ጠዋት ብወጣ ራቁቱን ነው፤
ሐረር በስንት ዓመት አንዴ የምታየው
ውርጭ ጫፉ ላይ ያበራል፤
ቅጠሉ ጠቁሯል፣
እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዘርሯል።
ቁጭ አልኩ። «ይቅርታ» አልኩ፤
ለማን እንደሆነ እኔም አላወቅሁ።
ነቅዬ እንዳልጥለው አፈሩ ደርቆ እምቢ አለኝ፤
ተውኩት።

መጋቢት ላይ ነው ረምዚያ የጮኸችው፦
«ነይ! ነይ! በግሽ ቀንድ አወጣልሽ!»
ከጠቆረው መሐል፣ ከአዲሱ ቅጠል መሐል፣
ቡጢ የሚያህል
የተጨበጠ ነገር ቆሟል፤
ቅርፊት በቅርፊት ላይ፣ እንደ ዓሣ ገላ፣
ማንንም ሳይፈራ፣ ማንንም ሳይጠላ።

ቀቀልነው። በሎሚና በቅቤ፣
አንድ አንዱን እየነቀልን፣ በጥርሳችን እየፋቅን፦
«ይሄ ሁሉ ልብስ ለዚህች ሥጋ?» ብላ ረምዚያ ሳቀች፤
ጸጉሩን በማንኪያ ጠርጌ ልቡን ሳወጣው ግን፣
እሷም ሳቋን ዋጠች።
እኩል ከፈልነው። ትንሽ ነበር።

ሁለተኛውን አልቆረጥኩም። ግንቦት ላይ ተተረተረ፤
ሐምራዊ፣ ንብ የሰከረበት፣ እንደ ነደደ ክር።
አባቴ ጆንያ ባያለብሰው ኖሮ…
ኧረ ተዪ፤ ድሬ ድሬ ናት፣ ጆንያው አልነበረም ጥፋቱ።
ግን ዛሬም፣ ታኅሣሥ ሲብት፣ ሲከረር ነፋሱ፣
እጄ ጆንያ ፍለጋ ይነሣል፣ ልማድ ነው፤
በሌላው እጄ እይዘዋለሁ።